ከበሮው ያለ አዴ ዘይነባ

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና አርሜ ሳልጨርስ ወደ ልምምድ። አቦከር ሰፈር፣ የፉአድ አባት መጋዘን። ስድስታችንም አለን። ፉአድ ጊታር፣ እኔ ኪቦርድ፣ እንደ እናት የምናያቸው አዴ ዘይነባ ከበሮ። አንድ ዘፈን ጀመርን፣ ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። ማንም አይቆጥርም። አዴ ከበሮውን ወደ ግራ ጉልበታቸው ሲያዞሩ ዜማ እንቀይራለን፤ ቀና ብለው ሲያዩን እንዘጋለን። ጀጎል ውስጥ ሠርግ ላይ እንዲህ ነው፣ የመጨረሻዋ ሴት ጨፍራ ሳትቀመጥ ዘፈን አይቆምም። ባንዳችን የተወለደው ከዚያ ነው። አሁን በከተማው ሦስት ባንድ እንደኛ አርዝሞ ካልተጫወትኩ ይላል። ደስ ብሎኛል፣ ያዝልኝ ደብተሬ።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ፣ 10 ሰዓት

ከአዲስ አበባ አንድ አዘጋጅ መጣ። የሠርግ ቪዲዮአችንን በስልክ አይቶ ነው። ትልቅ መድረክ፣ በሳምንቱ። ፉአድ እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ ትእዛዙ መጣ። ዘፈን ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ከበሮው ከኮምፒውተር ይሁን። አሮጊቷ ለመድረክ አይመቹም። አይመቹም! አዴ በዚያ ሰዓት የሉም፣ ለቅሶ ሄደዋል። ፉአድ የምትስማሙ እጅ አውጡ አለ። ሁሉም አወጡ። እኔስ? በንዴት እየተቃጠልኩ እኔም አወጣሁ። ፈሪ!

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ

ልምምድ ያለ አዴ። ኮምፒውተሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። መጨረሻው ላይ ባስ ጊታሩ ቀድሞ አቆመ፣ እኔ ቀጠልኩ፣ ፉአድ ጮኸ። እንደገና። እንደገና። አራት ዓመት አብረን ተጫውተን አንዳችንም ዘፈን መዝጋት አናውቅም! ፉአድ ጥፋቱን በኔ አላከከ። ተሰዳደብን። የመድረኩን ወሬ ለሰሙት አዴ ደግሞ ጉዞው ተራዝሟል ብሎ ደውሎላቸዋል። ውሸታም። የኛ ኮከብ!

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ከት/ቤት ስመለስ ኤረር በር ላይ አዴን አገኘኋቸው። ጨርቅ ታቅፈዋል። ለመድረኩ ልብስ እየሰፉ ነው፣ ለስድስታችንም አንድ ዓይነት። ጉዞው መራዘሙ በጀን አሉ፣ የኔና ያንቺ ብቻ ነው የቀረው። እዚያው መንገድ ላይ ትከሻዬን በስንዝር ለኩኝ።

«ከስተሻል ልጄ። መቼ ሆነ ጉዞው?»

አላውቅም አልኳቸው። ዓይናቸውን እያየሁ።

«ኢንሻአላህ እስከዚያ ይደርሳል።»

ቤት ገብቼ እናቴ ላይ ጮህኩባት። ምን አደረገችኝ? ምንም።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12

መኪናው 2 ሰዓት ይነሳል። ፉአድ ደወለ፣ አልሄድም አልኩት። ስማችንን ልታጠፊው ነው አለ። ኪቦርዱንም ከኮምፒውተር አውጣው አልኩትና ዘጋሁበት። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ምን ጀግንነት አለው? መቅረቴ ለአዴ ምን ይፈይዳል? እሳቸው አሁን የኔን ልብስ እየሰፉ ነው። ወደ ጀጎል እገባለሁ። ጉዞው አልተራዘመም፣ እርስዎን ነው የተውንዎት፣ እጅ ካወጡት አንዷ እኔ ነኝ ብዬ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ፉአድ አስገደደን አልልም። አላስገደደኝም። ቢያባርሩኝ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። እናቴ በዚህ ጠዋት ወዴት ነው ትላለች። መጥቼ እነግርሻለሁ አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ጽፌ ልውጣ፣ አዴ ከበሩ ላይ ገና ሲያዩኝ መጀመሪያ የምላቸው «የኔን ልብስ አይስፉት» ነው።