የደብተርሽ አራተኛ መስመር

ውዴ አስኩዬ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሆነ። ወር በገባ በአንደኛው ቀን ልደታን ተሳልሜ ብቻዬን ስመለስ ሰባት ጊዜ ሆነኝ ማለት ነው። የሰማንያሽን ጸሎት አስደርሰናል፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሴቶች አንዷም አልቀረች። በረንዳው ላይ ያለው ጤና አዳምሽ ደርቆ ነበር፤ ልጃችን ማህሌት ውኃ ብታጠጣው እንደገና አቆጠቆጠ። እኔም ያው ጎሚስታ ቤት ነው የምውለው።

ልብስሽን ለነዳያን ስንለይ ከነጠላሽ ሥር የእንግሊዝኛ ደብተርሽን አገኘን። ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ከገባሽ በኋላ ከሥራ መልስ የተማርሽበትን። የሰው ጠባይና ስሜት የሚነገርባቸውን ቃላት ስትማሪ እንዴት ደስ ይልሽ ነበር! «አንዱን ስትይዝ ቤተሰቡን ሁሉ ትይዛለህ» ትዪኝ ነበር። ሃፒ ደስተኛ ነው፤ ከፊቱ አን ሲጨመርበት ደስታ የራቀው ይሆናል፤ ከኋላው ነስ ሲቀጠልለት ደግሞ ደስታ ራሱ። እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው ጎማ ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር ነው።

አንድ ገጽ ላይ ስለ ባለቤትሽ ጻፊ ተብለሽ ኖሯል። ማህሌት እያነበበች ተረጎመችልኝ። ባለቤቴ ካይንድ ነው፣ ደግ ማለት ነው። ኦነስት ነው፣ እውነተኛ። ፔሸንት ነው፣ ታጋሽ። እንባዬ መጣ። ግን ጣቴን ገጹ ላይ አድርጌ እከተል ነበርና፣ መስመሩ አራት ሆኖ ያነበበችልኝ ሦስት ነው። «ይቺስ?» ብላት፣ «ተደግሞ ነው አባዬ» ብላ ደብተሩን ዘጋችው። ልጅሽ መዋሸት አትችልበትም፤ ጆሮዋ ይቀላል።

በማግስቱ ያቺን መስመር የጎማ ቁጥር እንደምገለብጥ ፊደል በፊደል ገልብጬ አብነት ሰፈር መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ልጅ አሳየኋት። አንብባ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ማነው የጻፈው?»

«ባለቤቴ ናት።»

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ባለቤቴ ቤት ሲሆንም ሎንሊ ነኝ። ብቸኝነት ይሰማኛል ማለት ነው።

አስኩዬ፣ በዱላ ብትመቺኝ ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩ። ምን አጎደልኩባት? አልጠጣሁ፣ አላመሸሁ፣ ክፉ ቃል አልወጣኝ። ክፉ ቃልማ አልወጣኝም፤ ሌላውስ መቼ ወጣኝ? ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስቀልድ እውልና ቤት ስገባ አፌ ይዘጋል። ደከመህ ስትዪኝ እግዚአብሔር ይመስገን። አዝነሃል ስትዪኝ እግዚአብሔር ይመስገን። የተቀየምኩሽ ቀን እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን። አምላኬን የማመሰግን መስሎኝ በር እየዘጋሁብሽ ኖሬያለሁ።

ሐኪሙ በሽታሽን የነገረን ዕለትስ? ታክሲ ውስጥ እጄን ይዘሽ «ፈራህ እንዴ?» አልሽኝ። ያንኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» መለስኩልሽ። እጄን ሳትለቂ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ።

ፈርቼ ነበር፣ አስኩዬ። ብቻሽን የፈራሽ መስሎሽ ሄድሽብኝ።

ለንስሐ አባቴ ይህንን ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡኝም። «ማመስገኑን አትተው፤ ግን ለጠየቀህ ሰው ደግሞ መልስለት» አሉኝ።

ትናንት ማህሌት ከሥራ ስትገባ እንደ ወትሮዋ «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» አለች። አፌ የለመደውን ሊል ሲል ያዝኩትና «ከፍቶኝ ነው የዋልኩት፤ እናትሽ ናፍቃኛለች» አልኳት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ አጠገቤ ተቀመጠች። «እኔ ደግሞ አንተን ላለማስከፋት ብዬ ስሟን አላነሳም ነበር» አለች። ተቃቅፈን አለቀስን።

ላንቺ ያልመለስኩትን አሁን ለልጅሽ መመለስ እየለመድኩ ነው። ይከብደኛል፤ ምላሴ ይተሳሰራል። ግን ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ፣ እንዴት ነህ ተብዬ እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር፣ ጠይቀሽ መልስ ያጣሽውን አንቺን አስባለሁ። ይቅር በይኝ።

ባልሽ