ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለመምህር ጆስሊን ታርቨር፤

እንደምን ከረሙ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ሳሉስ ለቀቀዎት? እናቴ ዓይኗ ተሻላት ወይስ አሁንም መርፌዋ ላይ ክር የምታስገባላት ታናሼ ዊኒፍሬድ ናት? ቁመቷስ የት ደረሰ? እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለዎት ነበር፤ ነገር ግን ሐሰት እንድጽፍ ብለው አይደለም ከወንዶቹ እኩል ፊደል ያስቆጠሩኝ። ደክሞኛል፣ አባቴ።

አንድ የመርከብ አዛዥ በቀበሌያችን እየዞረ «የቨርጂኒያ መሬት ለሠራ ሁሉ ነው» እያለ እንደሚሰብክና የዊኒፍሬድ ልብ እንደ ሸፈተ ጽፈውልኛል። መሬቱስ አለ። የሚሰጠው ግን ለመጣው ሳይሆን ላመጣው ሰው ነው። ጌታዬ ራልፍ ዊንኮት የመርከብ ዋጋዬን ስለ ከፈለ በእኔ ራስ ሃምሳ ኤከር መሬት ተለካለት፤ በባርናቢ ራስ ደግሞ ሌላ ሃምሳ። እኔ በዋጋዬ ፈንታ አራት ዓመት ላገለግለው ገባሁ። በመጪው መስከረም ነጻ እወጣ ነበር።

እዚህ አገር ገንዘቡ ትምባሆ ነው። ግብሩ፣ መቀጫው፣ የቄሱ ደመወዝ ሳይቀር በትምባሆ ይከፈላል። ስለዚህ ሁሉም እስከ ደጃፉ ድረስ ትምባሆ ይተክልና እህል ሲያልቅበት ከአገሬው ሰዎች በልመና፣ ልመናው እምቢ ሲል በጠመንጃ ያመጣል። ቅኝ ግዛቱን ያቋቋመው የለንደኑ የነጋዴዎች ማኅበር ፈርሶ አገሩ የንጉሥ ሆነ ተባለ፤ ማሳው ግን ያው ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ባለ መሬቶቹ የመረጧቸው እንደራሴዎች እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ተቀምጠው፣ ማንም ለቤቱ የሚበቃ በቆሎ ሳይዘራ ትምባሆ እንዳይተክል ሕግ አወጡ። መልካም ሕግ ነው። ጌታዬም ካጸደቁት አንዱ ነው።

መንገድ ስለሌለ የገዢው ተቆጣጣሪ የሚመጣው በጀልባ ነው። ጌታዬ ወንዙ ዳር ሦስት ረድፍ በቆሎ ያዘራናል። ተቆጣጣሪው ከጀልባው ሳይወርድ በቆሎውን አይቶ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ያልፋል። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ እስከ ጫካው ድረስ ትምባሆ ነው። ወጥ ቤት አብራኝ የምትሠራው አሮጊቷ ኡርሱላ «የእኛ በቆሎ እንደ ሙሽራ ነው፤ ለእንግዳ ዓይን እንጂ ለቤት ሥራ አልመጣም» ትላለች።

በየካቲት እህሉ አለቀ። ባርናቢን ያውቁታል፤ የወፍጮ ቤቷ የሴሲሊ ልጅ ነው። የትምባሆ በርሜል ይሠራ ነበር። ጌታዬን «ከሠራኋቸው በርሜሎች አንዱን እንኳ ዱቄት ይሙሉልኝ» ቢለው፣ «አንተ ደግሞ ሆድህ አያርፍም! በፋሲካ መርከብ ይመጣል» አለው። መርከቡ መጣ። ባርናቢ ግን ለፋሲካ አልደረሰም። በቀብሩ ላይ ቄሱ «በአገሩ ትኩሳት የተለየን ወንድማችን» ሲሉ አላስቻለኝም። «በትኩሳት አይደለም፣ በረሃብ ነው! የገደለውም ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለው ትምባሆ ነው» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ስም አጥፍተሻል ተብዬ ተከሰስኩ። ጌታዬ ከሳሼም ነው፣ ከዳኞቹም አንዱ ነው። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ይህችን ያበላሻት ማንበብ መቻሏ ነው» ሲል ሌሎቹ ሳቁለት። ፍርዱም እሑድ እንደ ንስሐ ገቢ ነጭ አንሶላ ተከናንቤ፣ ነጭ በትር ይዤ፣ በምእመናኑ ፊት በርጩማ ላይ ቆሜ «ዋሽቻለሁ፣ ማሩኝ» እንድል ሆነ። እምቢ ካልኩ አንድ ዓመት አገልግሎት ይጨመርብኛል። ኡርሱላ «ልጄ፣ ቃል ከአፍ ወጥቶ ይበናል፤ ዓመት ግን ከጉልበትሽ ነው የሚወጣ። በያቸውና ነጻ ውጪ» ብላ እያለቀሰች ለመነችኝ።

አንሶላውን ለበስኩ። በርጩማው ላይ ወጣሁ። «ዋሽተሻል ተብያለሁ» አልኩ። «ወንዙ ቅርብ ነው። ከጸሎቱ በኋላ ማንም ከእኔ ጋር ይምጣና ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ይመልከት። በቆሎ ካገኘ፣ ያን ጊዜ ማሩኝ እላለሁ።»

ጌታዬ ቱግ ብሎ ይነሣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ያልጠበቅሁት የሌሎቹን ነው። ባለ መሬቶቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ገባኝ፣ አባቴ። የሁሉም በቆሎ ሦስት ረድፍ ነው፤ የፈረዱብኝም፣ ያዘኑልኝም። ቄሱ ዓይናቸውን ወደ መጽሐፋቸው መለሱ። ማንም አብሮኝ አልመጣም። ዓመቱ ተጨመረብኝ።

ሌላ ክረምት፣ ሌላ ምርት፤ እጄ በትምባሆ ሙጫ ጠቁሮ በሳሙናም አይለቅ። አንዳንድ ቀን ኡርሱላን በሰማሁ ኖሮ እላለሁ። ትናንት ግን ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ አንገታቸውን ከደፉት የአንዱ፣ የጎረቤታችን የጊልበርት ፔክ ሰዎች የትምባሆ ችግኝ እየነቀሉ በቆሎ ሲዘሩ አየን። አራተኛ ረድፍ፣ አምስተኛ ረድፍ። ኡርሱላ «ተቆጣጣሪው እንደሆነ እዚያ ድረስ አያይ! ለማን ይሆን?» አለችኝ፣ የማታውቅ መስላ። እንስራዬን አስቀምጬ ቆሜ አየሁ።

እናቴን ዓይኖቿን ይሳሙልኝ። አክስቴን ቶማሲንን፣ በደጃችን የሚያልፈውንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ዊኒፍሬድን ሰላም ካሏት በኋላ፣ ያ የመርከብ አዛዥ ሲመጣ «በእኔ ራስ የሚለካው መሬት የማን ነው?» ብላ ትጠይቀው፤ ሳይመልስላት ፊርማዋን እንዳትሰጠው። ወደ ሴሲሊ ግን እርስዎ ራስዎ ይሂዱልኝ። ልጅሽ በትኩሳት ሞተ ብለው ይጽፉላታል። በትኩሳት እንዳልሞተ፣ ይህንንም አንሶላ ለብሼ በሰው ሁሉ ፊት እንዳልካድኩት ይንገሯት።

ልጅዎ ፊሊፓ
ጄምስ ወንዝ ዳር፣ ቨርጂኒያ
ሰኔ 1625