ሰባተኛው ጠመንጃ

ይድረስ ለልጅነት ባልንጀራዬ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህ ብርዱን እንዴት ቻለው? እናትህስ፣ ዓይናቸው በመነጽሩ ተሻላቸው ወይ? እኛ አላህ ይመስገን እህል ቀምሰን እናድራለን። በረዶው መንገዱን ለቋል፣ የኮክ ዛፎቹ አብበዋል፣ ወንዙም ሞልቶ እየጮኸ እንቅልፍ ነስቶናል። ሚስቴ ቺናር ከሁለት ወር ገደማ በፊት በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጅ አቅፋለች። ስሙን ሬባዝ አልነው። መልኩ የእናቱ ነው፤ ጩኸቱ ግን የኔ ነው ይላሉ።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዘህ ትለኝ ይሆናል። ስልክ ስደውልልህ «ልጅህ ሂሮ ደህና ናት?» ትለኛለህ፤ እኔም «ደህና ናት» እልሃለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ያልቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አለቀ። ሹፌሩ ዑስማን ነገ ወደ ሱሌማኒያ ስለሚወርድ ይህን በእጁ እሰጠዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ነገሬ ስለ ጠመንጃዎቹ ነው። የልጁ አርባ ቀን የሞላ ዕለት ቺናር አጠበችው፣ አለበሰችው፣ ጭኔ ላይ አስተኛችውና የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ስር ቆመች። በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። «ሰባት ጠመንጃ፣ ሁለት ልጅ» አለችኝ። «ልጆቹን መቀነስ አልችልም።»

«ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛው የኔ አይደለም» አልኳት።

«መጀመሪያ የሚወጣውማ እሱ ነው!» አለችኝ። ስምህን አትጠራም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ጠርታው አታውቅም፤ ካስፈለጋትም «ያ ሰው» ነው የምትለው። የእንግዳ ጠመንጃ ከባለቤቱ በቀር ማንም ከቤት እንደማያወጣው ታውቃለች፤ የኛ ወግ ለሷ አዲስ አይደለም። ግን እናት ናት፤ ምን ልበላት?

እኔም ሳምንቱን ሙሉ እያወረድኩ ስወለውል ከረምኩ። አይ ሰው መሆን! ብረት እኮ ነው፤ ግን አንዱን ሳነሳ አባቴ ይመጣብኛል፣ ሌላውን ሳነሳ ጉብዝናዬ። የአያቴን ረጅሙን ታስታውሰዋለህ፤ አያቴ ከሚስቱ ይልቅ እሱን አቅፎ ነው የኖረው ይሉ ነበር። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆነው። የአባቴ ብርኖ የሚሉት ጠመንጃ አለ፤ ሰደፉ እስካሁን የሱ ትንባሆ ይሸታል። የሠርጌ ቀን አማቴ የሰጠኝ ሌላው ብርኖ አለ። በበቅሎ የለወጥኩት ሩሲያ ሠራሽ አለ፤ በቅሎዋ ትሻል ነበር፣ ይኸው አመንኩልህ፣ ደስ ይበልህ። ለቆቅ የምንይዘው ባለ ሁለት አፉ አለ።

ትንሿም አለች። አሥር ዓመት ሲሞላኝ አባቴ የገዛልኝ። በሷ አይደል የአክስቴን ማንቆርቆሪያ የመታኸው? ተኳሹ አንተ፣ ተገራፊው እኔ። አባቴ ቀበቶውን ሦስቴ እንዳሳረፈብኝ አንተ አጥር ዘለህ መጣህ፤ ማንም ሳይጠይቅህ «እኔ ነኝ የመታሁት» ብለህ ጎኔ ቆምክ። አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። አባቴ ቀበቶውን ጥሎ እየሳቀ ወጣ። እስኪሞት ድረስ «ያ ልጅ ወንድ ነው» ይልህ ነበር። ትንሿን በእጄ ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ቺናር ሻይ አምጥታ፣ ቀዝቅዞ፣ መልሳ ወሰደችው።

ከዚያ ወደ ሻይ ቤት ወረድኩና ልሸጥ ነው ብዬ ተናገርኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! ሽማግሌው ረሱል ገና ሳልጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ጠመንጃውን የሸጠ ወንድ ጺሙን አብሮ ይሽጥ» አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም «ጺምስ ይበቅላል፤ ጣት ግን አይበቅልም» አልኩት።

 ረሱልም አፈረና ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ ምን በወጣህ» አለኝ። «ጥፋቱ የእንግዳህ ነው። ጥይት አጉርሶ ደፍ የሚረግጥ ሰው ምን ይባላል?» ሁሉም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ስኳሩን ረስቼ ሳልጨምር ጠጣሁት፤ መራራነቱንም ያወቅኩት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ያን ቀን ደጋግሜ አስባለሁ። አንተም ታስበዋለህ፤ አውቃለሁ። ሐሙስ ወደ ማታ ደረስክ። ከመኪና ወርደህ ሂሮን አቀፍካት፤ በጠመንጃህ መነጽር የተራራውን ጫፍ አሳየሃት። አራት ዓመቷ ነበር፤ «በረዶው ዓይኔ ውስጥ ገባ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ደፉ ላይ ቆመህ ጠመንጃህን ሰጠኸኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩህ፤ ላይኛው መስቀያ ላይ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። ጥይት ይኑረው አይኑረው ለማየት ቃታውን አልከፈትኩም። አባቴ «የእንግዳ ቃታ መክፈት ኪሱን መበርበር ነው» ይል ነበር፤ በቤታችን ይህን የደፈረ ኖሮ አያውቅም።

ዓርብ ከአባቴ ጋር ወደ መስጊድ ወረዳችሁ። እኔ በጉን ላርድ ቀረሁ። ገና ቢላዋውን ስስል ጎረቤታችን ከታች «ከርከሮ! ከርከሮ በቆሎው ውስጥ ገባ!» እያለች እሪ አለች። ሮጥኩ። ከመስቀያው እጄ የፈለገውን አንስቼ ሮጥኩ። ከርከሮው ግን ወንዙን ተሻግሮ ኖሮ አንድም ሳልተኩስ ተመለስኩ። ቺናር «እንግዶቹ መጡ፣ በጉስ?» እያለች ትጣራለች። በጓሮ በር ገባሁ፤ የያዝኩትን ቅርብ ባገኘሁት መስቀያ፣ ከፍራሾቹ ክምር በላይ ሰቅዬ እጄን ታጠብኩ። ሩዙን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። «ላብህ ምንድነው?» ብለህ ቀልደህብኛል። ከምሳ በኋላ የንብ ቀፎዎቹን ልናይ ወጣን። ሂሮ በረዶውን እንደገና ልታይ ፍራሾቹ ላይ ወጣች።

ተኩሱን ቀፎዎቹ ጋ ሆነን አንተም ሰምተሃል። ደሟ በኔ ሸሚዝ ላይ፣ ራንያ ከተማ እስክንደርስ ድረስ አንተ ነህ የነዳኸው። መኪናው ውስጥ «አላህ ሆይ የኔን ውሰድ፣ የኔን ጣት ውሰድ» ስትል ሰምቼሃለሁ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አባቴ በቀስታ ጠየቀህ። «ልጄ፣ ጎርሶ ነበር እንዴ?» አለህ። «አጎቴ፣ ባዶ ነበር፤ በአላህ ስም ባዶ ነበር» አልከው። ከዚያ ወደኔ ዞረህ አየኸኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ያኔ «ምናልባት… ደክሞኝ ነበር… ምናልባት ረስቼ ይሆናል» አልክ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት «ምናልባት» የሚለው ቃል ከአፍህ ጠፍቶ ነበር። አንገትህን ደፍተህ «እጄ ከዳኝ» አልክ። ጠመንጃ ዳግመኛ አልነካም ብለህ ማልክ፤ ያንተንም እንደተሰቀለ ትተኸው ሄድክ። እኔን አንድ ሰው እንኳ ምንም አልጠየቀኝም። የቤታችን ወግ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይፈቅድም።

አባቴ ሲሞት መጥተህ ነበር። ከሰዉ ሁሉ ኋላ መቃብሩ አጥር ስር ቆመህ አየሁህ። አፈሩ ሳይደላደል ሄድክ፤ በቤቴ ውሃ እንኳ አልቀመስክም። ልጠራህ አፌን ከፍቼ ነበር። አልጠራሁህም። ይህን ሳስታውስ ራሴን እጠላዋለሁ።

ሂሮ ሰባት ዓመቷን ይዛለች፤ ፊደል ጀምራለች። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ቀልድ ከአያቷ ወርሳለች። በአዲስ ዓመታችን በኑውሮዝ ዕለት የላክህላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ጨፈረች። መቼም የኛን ጭፈራ ታውቀዋለህ፤ ትንሽ ጣት ከትንሽ ጣት ተቆላልፎ ነው ሰልፉ የሚያያዘው። የሷ የግራ እጅ የሚቆለፍበት ጣት የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰልፉ ጫፍ፣ ከሁሉም መጨረሻ ትቆማለች፤ ግራ እጇን ማንም እንዳይፈልገው። ሴቶቹ «ይቺ ልጅ ጅራት መሆን ትወዳለች» ብለው ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች። እኔ በጎቹን ልይ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩና አለቀስኩ።

ይህን ወረቀት ስጀምር አጠገቤ መጣች። «ለአጎቴ ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ለምንድነው የማይመጣው? እኔን ፈርቶ ነው?» እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። «እንግዲያው እንዲህ በለው» አለችኝ። «ሂሮ አልተቆጣችም፤ ይቅር ብላሃለች፤ መምጣት ትችላለህ በለው። ጽፈኸዋል?» ጽፌዋለሁ አልኳት። እንደዚህ ቀላል ሰው መስላኝ ነበር! ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ «የቱ ጋ ነው ይቅር የሚለው?» አለችኝ። አንድ መስመር አሳየኋት። ሳመችውና ሄደች። ያሳየኋት ስለ በቅሎዋ የጻፍኩትን ነው። ያንን ቃል ላንተ መጻፍ አልቻልኩም፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ?

እንግዲህ ወስኛለሁ። የአማቴን ብርኖና ሩሲያ ሠራሹን ራንያ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ወስዷቸዋል። የአያቴ ለወንድሜ ደረሰ፤ እሱ ገና ልጅ የለውም፤ ሲወልድ ያስብበት። የአባቴን ለቀጥቃጩ ሰጥቼ ጥይት የሚመታውን መርፌ አስወጣሁት፤ አሁን እንጨትና ብረት ብቻ ነው፤ መቃብሩ ቦታ ያለው ሼክ ቢፈቅድልኝ ከራስጌው እቀብረው ነበር፤ «አብደሃል እንዴ?» አለኝና መለሰኝ። ትንሿን ራሴ በመዶሻ ሰበርኳት። ባለ ሁለት አፉ ብቻ ቀረ፤ ለከርከሮ። እሱም የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ቺናር አንገት ላይ አለ። ሲያስፈልገኝ እንደ ልጅ እለምናታለሁ። ረሱል ይህን ቢሰማ ጺሜን በገዛ እጁ ይላጨኛል።

እስከዚህ ያለውን ለቺናር አነበብኩላት። ስለ ማንቆርቆሪያው ሳቀች። ከርከሮው ጋ ስደርስ ልጁን ማጥባት ትታ ቀና ብላ አየችኝ። ስጨርስ «ሰባተኛውስ?» አለችኝ። የቀረውን ልጻፍና አነብልሻለሁ አልኳት። ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ወደ እናቷ ቤት ብትወርድም እውነት አላት።

ሰባተኛው ያንተ ነው። አልሸጠውም፣ አልሰጠውም፣ አልሰብረውም። መጥተህ ከእጄ ውሰደው፤ በሁለት እጄ ይዤ ደፉ ላይ፣ ረሱልም ሽማግሌዎቹም ባሉበት እሰጥሃለሁ። ፊቴ ላይ ብትተፋ አልጠርገውም። ዛሬ ጠዋት አውርጄ ቃታውን ከፍቼ አየሁት። ባዶ ነው። ያን ዓርብ፣ ከርከሮው በቆሎው ውስጥ ሳለም ከፍቼ አይቼው ነበር። ባዶ ነበር። ያጎረስኩት እኔ ነኝ።

አላህ ለእናትህ የዓይን ብርሃን፣ ላንተ የሰላም እንቅልፍ ይስጥህ፤ ሦስት ዓመት ያጣኸውን ሁሉ ከኔ ድርሻ ቆርሶ ይመልስልህ። ሂሮ በሩን በቀኝ እጇ ትከፍትልሃለች።

የሂሮ አባት