ዳገቱን ብቻ ነበር የፈራነው

እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ እታገኝ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ የጉልበት ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም ብለሻል? የኩዌት ሙቀት በዚህ ወራት በረድ ይላል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል። አሠሪዎችሽስ ደህና ናቸው? ትንሿ ልጃቸው አሁንም አንቺ ካላጎረስሻት አልበላም ትላለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ስርዙን ከላይ ታዪዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ የያዘችልሽ የጎረቤታችን ልጅ ፍቅርአዲስ ናት። ለእረፍት መጥታ ስትመለስ ለምኛት ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ ካጠገብሽ እንዳትነሣ አደራ ብያታለሁ፤ ስለዚህ ሻይ ላፍላልሽ እያልሽ አታስነሻት። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ውሸቱ ቀድሞኝ ስለሚወጣ ነው። «ስልኩ ተሰብሮ ነው»፣ «ሥራ ላይ ነው»፣ «ተኝቷል» እያልን ስንሸነግልሽ ከረምን። ዘመድ ሁሉ የመከረንም ይህንኑ ነው፤ ሩቅ አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ደግፎ ነው የሚነገረው አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ግን አንቺ ዘንድ ማን ይሰበሰብልሻል? አትደንግጪ፣ አምሃ አልሞተም። ልጅሽ አለ። ሁለቱ እጆቹ ግን ተቃጥለዋል።

ከሥሩ ልንገርሽ። ጉርድ ሾላ የሕንጻ ዕቃ የሚሸጥ ሱፊያን የሚባል ሰው አለ፤ ከደቡብ መጥቶ እዚህ ሠርቶ ያደገ፣ እጁ የተፈታ ደግ ሰው ነው። ቀደም ሲል ከዱባይ የገባ አሜሪካን ሠራሽ መኪና ከአንድ ነጋዴ ላይ ገዛ። ዶጅ ቻሌንጀር ይሉታል። ጥቁር፣ ሰፊ፣ መሬት ሊልስ የደረሰ ነገር ነው፤ ሲነሣ የካራ ውሻ ሁሉ አብሮት ይነሣል። አምሃን ታውቂው የለም? ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ቻሌንጀር እያለ የእያንዳንዱን የፈረስ ጉልበት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወጣ ልጅ ነው። ያ መኪና ወደ ጋራዣችን በር ሲጠመዘዝ መፍቻውን ጥሎ ቆመ። እኔም ሳቅሁበት፤ ሙሽራ የመጣችልህ መሰለህ አልኩት።

የዚህ መኪና ጉልበቱ ሱፐርቻርጀር ከሚሉት ዕቃ ነው። አንቺ መኪና አታውቂም፣ የቀጥቃጭ ወናፍ ግን ታውቂያለሽ። ከሰሉ ያው ከሰል ነው፤ ወናፍ ሲነፋው ግን ብረት ያለሰልሳል። ይሄም ከሞተሩ ላይ ተቀምጦ፣ በሞተሩ ቺንጊያ እየተሽከረከረ፣ አየር እያመቀ ወደ ውስጥ ይከታል። አየር ሲበዛ የሚነደው ቤንዚን ይበዛል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ። ፋብሪካው ከሰባት መቶ ፈረስ በላይ ብሎታል። እኛ ያለንበት ግን ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ወናፉ ቢነፋም የሚነፋው ስስ አየር ነው። ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ እዚህ የለም። ሱፊያን መጥቶ «ፈረሶቼን የት ሸጣችኋቸው?» ብሎ ቀለደብን።

ቀልዱን ቀልድ ብሎ የተወው እኔ ነኝ፤ አምሃ አልተወውም። ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረውን ፑሌጃ፣ ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ አውልቆ ቶርኖ ቤት ከሱ ያነሰ አስጠርቦ ገጠመ። ፑሌጃው ሲያንስ ሱፐርቻርጀሩ ይፈጥናል፣ አየሩንም አብልጦ ያምቃል፤ ከፍታው የወሰደብንን እንመልሳለን ማለት ነው። የቤንዚኑንም መጠን በላፕቶፑ ለዚሁ ለእኛ አየር አስተካከለው። ሂሳቡ ልክ ነበር እትዬ። ይህን የምጽፈው ለእሱ አድልቼ አይደለም። ለየካ አየር፣ ለእንጦጦ አየር፣ ልክ ነበር።

የተሠራ ሞተር የምንፈትነው እንጦጦ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔን ያስተማረኝ ጋሽ ወልደሰንበት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንጦጦ ማርያም ደርሶ ያልተመለሰ መኪና ለባለቤቱ አያስረክብም ነበር። ዳገቱ ላይ ያልፈላ፣ ያላንኳኳ ሞተር የትም አይወድቅም ይል ነበር፤ እኛም እስከዛሬ በዚሁ ኖረናል። እኔ፣ አምሃና ሱፊያን ሦስታችን ወጣን። ያ መኪና ዳገቱን ሜዳ አደረገው፤ እንጨት የተሸከሙት እናቶች ሳይቀሩ ዳር ይዘው ቆመው አዩን። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ አምሃ ወርዶ ተሳለመና ተመልሶ ኮፈኑን ከፈተ። ጆሮዬን አስጠግቼ ብሰማ አንዲት የምታንኳኳ ነገር የለችም። «ይለፍ» አልኩ። ልጅሽ እንዲያ ሲስቅ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቼው አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ ሱፊያን የዘመዱ ሠርግ አዋሽ ስለነበረ ሠርጉን በመኪናው ሊያሳምር ተነሣ፤ አምሃም አብሮ ሄደ። ማንም ሰው፣ እኔም፣ አምሃም፣ ሱፊያንም፣ አንድ ነገር አላሰብንም። አዋሽ ቆላ ነው። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ ያ ትንሽ ፑሌጃ እዚህ ስሱን አየር እንዲያምቅ የተሠራው እዚያ ወፍራሙን ያምቅ ጀመር። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ፤ ቤንዚናችንም እንዲህ ያለ ሞተር የሚፈልገው ዓይነት አይደለም። አሜሪካ ወይ ዱባይ ያለ ሠራተኛ ይህን ስሕተት የሚሠራ አይመስለኝም። እኛ ደገኞች ነን፤ መኪና የሚፈተነው በዳገት ነው፣ ቁልቁለት ማረፊያ ነው ብለን አድገናል። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኛ ላይ የደረሰው ያልፈራነው ነው።

መተሐራን እንዳለፉ ሱፊያን አንድ የጭነት መኪና ሊቀድም ነዳጅ ረገጠ። አምሃ ያን ጊዜ ማንኳኳቱን ሰምቶ «ልቀቅ! ጋሼ፣ ልቀቅ!» ብሎ ጮኸ፤ ግን ከጎን የጭነት መኪናው አለ፣ መሀል መንገድ ላይ አይለቀቅም። ፒስተኑ ቀለጠ። የተሰበረው ብረት የሞተሩን ጎን ቀዶ ወጣ፣ ዘይቱ በጋለው ብረት ላይ ተረጭቶ ተቀጣጠለ። ሱፊያን እንደምንም ዳር አስይዞ ቆመ፤ ሁለቱም በደህና ወረዱ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ልጅሽ ግን ወደ እሳቱ ተመለሰ። ሱፊያን ጃኬቱን ይዞ ጎተተው፣ ጃኬቱ እጁ ላይ ቀረ። የጋለውን ኮፈን በባዶ እጁ ከፍቶ አፈር እየዘገነ ሲበትን ነው ሰዎች ደርሰው ያወጡት።

ሐኪም ቤት ብዙ ተኛ። ቁስሉ አሁን ደርቋል፤ ጣቶቹ ግን ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ። ሐኪሙ ጣቶቹን በየቀኑ ማንቀሳቀስ ካልጀመረ እንዲሁ ይደርቃሉ፣ ያን ጊዜ እኔም ምንም አላደርግለትም ብሎ አስጠንቅቆናል። የሚጨብጣት ለስላሳ ኳስ ሰጠው። አንድ ቀን እንኳ አልነካትም። ሐመልማል ልጄ ልታለማምደው ስትቀመጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ ሲጨንቀኝ ደግሞ ሰድቤዋለሁ። «ጋሼ፣ ለምን ብዬ?» ይለኛል። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጋራዡም እየቀዘቀዘ ነው፤ ሥራው ይጠብቅሃል ብዬ እንዳልዋሸው ዓይኑ ያያል።

ከሁሉ የከፋው ምግቡ ነው። ባለቤቴ ዘቢደር ናት የምታጎርሰው። እኛ ቤት ጉርሻ ሳቅ እንደነበረ ታስታውሻለሽ፤ አፉን ሞልተነው ሲታነቅ እንስቅበት ነበር። አሁን ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበላል፣ ሁለት ጊዜ ጎርሶ በቃኝ ይላል። ሱፊያን በየሳምንቱ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ስለ መኪናው አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። ቢቆጣው ለአምሃ ይሻለው ነበር መሰለኝ፤ ደግነቱን መሸከም አቃተው። ጎረቤታችን እማማ አገርነሽ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ትለኛለች። ድግሱ የት እንዳለ እኔ አላየሁም እትዬ። ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ልደብቅሽ አልችልም። ጠዋት ተነሥቼ ያችን ኳስ መስኮቱ ላይ እንዳለች ሳያት ቀኑ እዚያው ይመሽብኛል።

የሰላምታ አደራ ያለብኝን ላድርስ። ዘቢደር በጣም ናፍቃሻለች፤ ስለዋሸሁሽ ማሪኝ በልልኝ ብላለች። ሐመልማል ጉልበትሽን ትስማለች፤ ዘንድሮ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። እማማ አገርነሽ በየኪዳኑ ስምሽን ታነሣለች። ሱፊያንም ሳያውቅሽ «እናቱን ይቅርታ ጠይቅልኝ» ብሎኛል፤ ምን አጠፋና!

አምሃን «ለእናትህ ምን ልበልልህ?» አልኩት። መጀመሪያ «ደህና ነው በላት» አለ። ከእንግዲህ አልዋሽም ስለው «እንግዲያው እንዳትመጣ በላት» አለኝ። ለምን ብለው፣ «ስትመጣ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። እኔ እሷን በምን እይዛታለሁ?» አለ።

አደራ ነውና ያለውን እንዳለ ጽፌልሻለሁ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። እትዬ፣ ነይ። አንቺ ያዢው።

ወንድምሽ ዓለሙ
የካ፣ ካራ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.