ስለ መዳም ከውሰር ማእድ ቤት ለሥልጠና ክፍል ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሻምበል
የቤት ሠራተኞች አስቀጣሪ መሥሪያ ቤታችን የሥልጠና ክፍል ኃላፊ
ሳጃና፣ ካርቱም

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ መብራት ባልጠፋበትና ማራገቢያዎ በሚዞርበት ሰዓት እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል መላክ ሲገባኝ የአገራችን ሰው በሚበዛበት በዴም ሰፈር ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ቀደም ብዬ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ እነሱን ላለመረበሽ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መመሪያዎ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት፣ ከወሎ ለሚመጡ እህቶቻችን የሱዳንን ቤት አያያዝ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ እስካለፈው ዓመት ድረስም ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ እያወረድኩ አሳያቸው ነበር። የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሥልጠና እንዳይውል ሲያግዱ ትክክል ነበሩ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያሳየሁት የማቀዝቀዣ ፎቶ ባለቤቱ እንዳይሰረቅበት ስሙን ከዳር እስከ ዳር በግራጫ ፊደል የጻፈበት ስለነበር፣ ሐምዲያ የተባለች ተማሪዬ በተቀጠረችበት ቤት ጽሑፍ የሌለው ማቀዝቀዣ ስታገኝ ሌላ ዕቃ መስሏት ሥጋውን ውጭ አሳድራዋለች።

ሁለተኛ፣ በነጻ እንድጠቀምባቸው ስለመረጡልኝ ፎቶዎች አመሰግናለሁ። ፈቃዳቸው የተሟላ ስለሆነ ማንም አይከሰንም። ብቻ ሁሉም የተነሱት በረዶ አገር ነው፤ በአብዛኞቹም ላይ አንዲት ጓንት ያጠለቀች ሴት ሰላጣ እያየች ትስቃለች። ተማሪዎቼ ሰላጣው ምን እንዳላት ደጋግመው ጠይቀውኛል። ስሱን የሱዳን ቂጣ፣ ኪስራን፣ እንዴት እንደሚጋግሩት ግን ከሴትየዋ ፊት ላይ ሊማሩ አልቻሉም።

ስለዚህ መመሪያዎን አክብረን የራሳችንን ቪዲዮ ሠራን። የቀድሞ ተማሪዬ ዘምዘም ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ መዳም ከውሰር ቤት እየሠራች እዚያው ታድር ነበር። ማእድ ቤቱን ለመቅረጽ መዳምን አስፈቀደች፤ መዳምም ከሴት በቀር ማንም እንዳያየው ቃል አስገብታ ፈቀደችላት። ወንድ እንደማይሰማት ስላመነች፣ ዘምዘም የባሚያውን ሙላሕ፣ ማለትም ወጡን፣ ስታማስል መዳም ከኋላ ሆና እየሳቀች «የባሌ ወንድሞች ከመጡ ውሃ ጨምሪበት፣ ያላ፣ እነሱ መች ያውቃሉ» ስትል ይሰማል። በሥልጠና ሕይወቴ እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም፤ ሰላጣዋን ሴትዮ የረሳናት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። ቪዲዮውን ለመዝገብ ቤት ብለው ሲጠይቁኝ የመዳምን ቃል ነግሬዎት ነበር፤ እርስዎም በእሺታ ራስዎን ነቀነቁልኝ። ከዚያም ጥግ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ ለጥፈው፣ ከሥሩ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል አስጽፈው፣ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ለዓለም ሕዝብ ለቀቁት። የመዳም ባል ታናሽ ወንድም ኦመርም ሻዩን እየጠጣ በስልኩ አየው። ስለዚያ ወጥ ለዓመታት ሲጠራጠር የኖረ ሰው ነው ይባላል፤ ለጥርጣሬው ከነድምፁ ማስረጃ ስላቀረቡለት ሳያመሰግንዎት አይቀርም።

መዳም ከውሰር ግን ቃሏን ያጠፈችው ዘምዘም መሰለቻት። ልጅቱ በአንድ ቀን ሥራዋንም መኝታዋንም አጥታ አሁን እኔ ክፍል ታድራለች፤ ድስቶቼን ሁሉ እንደ አዲስ አስተካክላ ደርድራልኛለች፤ ስትስቅም ታስቀኛለች፣ እኔ ግን አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁም። ቪዲዮው ከገጹ ላይ እንዲነሳ ስጠይቅ ጸሐፊዎ የመለሱልኝ፣ ንብረቱ የመሥሪያ ቤቱ በመሆኑ ዘምዘም ራሷ መጥታ በጽሑፍ ፈቃድ ትጠይቅ የሚል ነው። የገዛ እጇ ባሚያ ሲቆርጥ ለመታየቱ እርስዎን ልታስፈቅድ ማለት ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው፣ ቪዲዮውን ዛሬውኑ እንዲያነሱና ጀሪፍ ድረስ ሄደው መዳም ከውሰር ፊት ቁጭ ብለው «ያሳየሁት እኔ ነኝ እንጂ ዘምዘም አይደለችም» እንዲሉ ነው። መዳም ደግ ሴት ናት፤ ይቅርታ ከጠየቋት ዘምዘምን ትመልሳለች፣ ኢንሻአላህ። መንገዱን ካላወቁት ሪክሻ ይዤ አደርስዎታለሁ።

ለመብት ጥበቃ ያለዎት ትጋት አንድ ቀን የሌሎችንም መብት እንዲጨምር ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ዘርፈሽ
ይህ ደብዳቤ እስኪነበብ ድረስ የክፍልዎ አሠልጣኝ

ሳልረሳው፦ ለሚቀጥለው ሳምንት «ያላስፈቀደ ሰው ምን ይመስላል» የሚል ትምህርት እያዘጋጀሁ ሳለ ምስል አጣሁ። በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ያለው የእርስዎ ፎቶ በጣም ጥርት ያለ ስለሆነ እንድጠቀምበት እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። ቢከለክሉኝ ግን አልቀየምም፣ አላሳየውምም፤ ፊቱ የእርስዎ ነውና።