ለሴቶቹ ድረ ገጽ ሰው ስለ መገኘቱ

ለክቡር ላሚን፣ የጨው በር ሰፈር ሹም
ስፋክስ ከተማ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ወይራ ግንድ የጸና፣ ጉልበትዎም ከካፌ ካፌ ሲዞሩ የማይዝል ይሁን። ከሁሉ አስቀድሜ ለሰፈራችን ሕዝብ ታላቅ ዜና አበስራለሁ፦ ባለፈው ማክሰኞ የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አዛውንት ሸድሊ፣ ማለትም እኔ፣ የድመታቸውን ፎቶግራፍ ያለ ማንም ርዳታ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር አሻግረዋል። ፎቶው ተገልብጦ ቢወጣም የሞተም የቆሰለም የለም።

ለዚህ ማዕረግ ያበቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የልጅ ልጄ ሹሩቅና ጓደኞቿ ስለ ሴቶች መብት የሚጽፉበትን ድረ ገጽ ስላነበቡልን እናመሰግናለን። በተለይ እህቶች የወይራ ውርሳቸውን ለወንድሞቻቸው «በፈቃዳቸው» የሚለቁት በእርስዎ ቢሮ፣ በእርስዎ እስክሪብቶ መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ሰምተናል። ከዚያ በፊት አንባቢዎቹ የሹሩቅ አክስቶች ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛ፤ ያንን የጻፈችውም፣ ድረ ገጹን ታስተዳድር የነበረችውም የሹሩቅ ጓደኛ ዑልፋ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እርስዎ ግን ከጨዋነትዎ የተነሣ እሷን አላስቸገሩም፤ አባቷን ካፌ ድረስ ሄደው፣ ሻይ ጋብዘው፣ «ልጅህ ይሄን ነገር ካልተወች፣ የመኖሪያ ማረጋገጫዋን ልፈርም ስል እጄን ያመኛል» አሉት። ያለዚያ ወረቀት ያመለከተችበትን የሆስፒታል ሥራ አታገኝም። በማግስቱ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በእናቷ እጅ ለሹሩቅ ላከችላት። እጅዎን ተሻለዎት?

ሦስተኛ፤ ሹሩቅ ማስታወቂያ አወጣች። በነጻ እያገለገለ ድረ ገጹን የሚያስተዳድርና በየሳምንቱ ዓምድ የሚጽፍ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ይዘጋል። እርስዎም በየካፌው ስላስተዋወቁልን አሥራ አንድ ሴቶች አመለከቱ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ተወዳድሬ አለፍኩ። ሹሩቅ ማመልከቻዬን አይታ፣ «አባባ፣ የእህትህን ዛፎች የበላኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። ነኝ። አባታችን ሲሞት ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሹም እህቴን ሲያስፈርሟት አጠገቧ ቆሜ እስክሪብቶውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ፈረመች። ሁለተኛው ዓምዴ ስለዚያ ይሆናል። የመጀመሪያው ይኸው ነው።

መቼም ስለ እኔ የሚያነጋግሩት አባት መፈለግዎ አይቀርም። አባቴ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ በመካነ መቃብሩ ሦስተኛ ረድፍ፣ ከበለሱ ሥር ያገኙታል። በሻይ ግን አይድከሙ፣ ስኳር ተከልክሎ ነበር። ወረቀትም አያስፈልገኝም። የቀረኝ አንድ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ እሱን የሚፈርመው ደግሞ ሐኪም ነው።

በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤን ስለሚያመኝ ግን ብዙ ሳልጎነበስ፣

ሸድሊ ቢን ዑስማን
ጡረተኛ የወይራ ዘይት ቀማሽ፣ የድረ ገጽ አስተዳዳሪና ዓምደኛ

ማስታወሻ፦ ከጻፍኩት ውስጥ አንዱን ፈጥሬዋለሁ። አሥራ አንድ ሴቶች አላመለከቱም። ሹሩቅ ወሩን ሙሉ የመልእክት ሳጥኑን ስትከፍት፣ ስትዘጋ አጠገቧ ነበርኩ። አንዲትም አልጻፈችም። ሁሉም አባት አላቸው።