ያልጻፉልኝ አንድ መስመር

ለተከበሩት አድማጬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ መውጣቱ አሁንም ያሰቃይዎታል? እኔ በጤና በኩል ደህና ነኝ። በንዴት በኩል ግን ልፈነዳ ነው፤ የምጽፍልዎትም ለዚሁ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ በእርስዎ ሶፋ ላይ ተኝቼ የሆዴን ስዘረግፍ ኖሬያለሁ። በቤሎ ኦሪዞንቺ ከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ሳለሁም፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህንኑ ሰውን እያናገሩ አእምሮውን የማከም ሙያ፣ ሳይኮአናሊሲስን፣ ስማር አልቀረሁም። ዲግሪዬን ይዤ በሰፈራችን ክሊኒክ አንድ ክፍልና አሥራ አንድ ታካሚዎች አገኘሁ። ከዚያ ከእርስዎ የሳይኮአናሊስቶች ማኅበር የመጡት ዶክተር ኤቬራልዶ አለቃ ሆኑብንና ደንብ አወጡ። በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው፣ እሱም ራሱ ሶፋ ላይ ተኝቶ መታከሙን ካከመው ሰው ወረቀት ካላመጣ «ሳይኮአናሊስት» ብሎ መፈረም አይችልም። ከፈረመ ክፍሉን ይለቃል።

ደንቡን ባወጡበት ስብሰባ ላይ ያሉንን ልንገርዎ። «እናንተ እኮ ሶፋ የምታውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ነው» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺስ እህቴ፣ እዚህ የሚገባው ትኬት በመቁረጥ መሰለሽ?» አሉኝ። ጸሐፊዋ ጁሴሊያ ብቻ «ተያቸው ባክሽ፣ ምሳ አልበሉም መሰለኝ» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

ደወልኩልዎ። «ይህች ሴት እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር» የሚል አንድ መስመር ለመንኩዎት። «ከዚያ ክፍል ወረቀት አይወጣም» አሉኝ። ምስጢር ለመጠበቅ ነው፣ አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ። ይባስ ብለው «ማክሰኞ ነይና ስለ ንዴትሽ እናውራ» አሉኝ! ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም። ባሌን እንዴት እንደተውኩት ያውቃሉ፤ እናቴ ስትሞት ለምን እንዳላለቀስኩ ያውቃሉ። ማን እንደሆንኩ የሚመሰክር አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ነበሩ፣ እርስዎም አፍዎን ዘጉ። ተናድጄብዎታለሁ፤ ክፉኛ ተናድጄብዎታለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት ታካሚዬ መጣች። ስሟን አልነግርዎትም። ባሏ «አብዳለች» ብሎ ልጆቿን ሊነጥቃት ፍርድ ቤት ገትሯታል። «ሳላቋርጥ እንደምታከም አንድ መስመር ጻፊልኝ በሞቴ» አለችኝ። የእርስዎ መልስ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቿ ውጪ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው አንድ የአይብ ዳቦ ይሻማሉ።

ጻፍኩላት። ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቀን ሳትቀር እንደመጣች፣ ሌላ ምንም። ከነገረችኝ አንዲት ቃል አላወጣሁም። ከታች ስሜን ጻፍኩ፤ ዳኛው ደግሞ የማን ምስክርነት እንደሆነ ማወቅ አለበትና፣ ከስሜ ሥር ያንን የተከለከልኩትን ቃል ሙሉውን ጻፍኩ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ወሬው የደረሳቸው ዶክተር ኤቬራልዶ የክፍሉን ቁልፍ ተቀበሉኝ። «በማን ፈቃድ ነው የፈረምሽው?» አሉኝ። ልጆቹ እናታቸው ጋር ናቸው። እኔም አሁን የምሠራው በቤቴ ሳሎን ነው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ተከትለውኝ መጥተዋል።

ዕድሜና ጤናውን አብዝቶ ይስጥዎ፤ ቤትዎን ሰላም ያድርገው። ማክሰኞ አልመጣም። ተቆጥቼ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ታካሚ አለኝ።

የሥራ ባልደረባዎ